የጤና መድንን ለሁሉም ለማዳረስ ሂሳቡን ማን ይክፈል?

ጥያቄዬን ሳላንዛዛ ላቅርብ። አንድ መንግሥት የጤና መድንን ለሁሉም ዜጋ አዳርሳለሁ ሲል የሚቃወም ሰው ብዙም አይገኝም። ጭቅጭቁ የሚጀመረው ሂሳቡ ሲመጣ ነው። ገንዘቡ ከደመወዝ ይቆረጥ? ከተጨማሪ እሴት ታክስ ይምጣ? ከሲጋራና ከአልኮል ይሰብሰብ? ወይስ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ ይክፈል?

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። የወር ደመወዝ የሌለውን ሰው ከፈለግክ ከፍለህ ግባ እያሉ ሁሉንም ማዳረስ አይቻልም። ዋናው ገንዘብ ከጠቅላላ ግብር መምጣት አለበት። ያም ገንዘብ የሀብታሙ ለብቻ፣ የድሃው ለብቻ ሳይባል አንድ ቋት ውስጥ መግባት አለበት።

ይህን የምለው ታይላንድን አይቼ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) ታይላንድ ቀደም ሲል ሰው በፈቃዱ የሚገዛው የጤና ካርድ ነበራት። ካርዱን አብዝተው የገዙት የታመሙና መታመማቸው አይቀሬ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። በ2002 መንግሥት ያንን መንገድ ተወው። የመንግሥት ሠራተኛም የድርጅት ተቀጣሪም ያልሆነውን ሕዝብ በሙሉ ከበጀት ሸፈነ። ታካሚው በአንድ ጊዜ ሕክምና የሚከፍለው 30 ባት ብቻ ሆነ። በዚህ መንገድ ከሕዝቡ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆነው ሽፋን አገኘ። አገሪቱ ያኔ ሀብታም አልነበረችም። ከ1997ቱ የእስያ የገንዘብ ቀውስ ገና እያገገመች ነበር።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

በአንድ የውይይት መድረክ ላይ እንዲህ ብዬ ጠየቅኩ። ቀጥሎ የመጣውን በየቁጥሩ እየተከተልኩ ልንገራችሁ።

ምላሽ 1 በጨዋነት የተጻፈ ነበር። ጸሐፊው ከእኔ ጋር ተስማማና ብሪታንያን ጨመረልኝ። ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ በጁላይ 1948 ሲጀመር ዋናው ገንዘቡ ከጠቅላላ ግብር እንደነበረ፣ ዛሬም እንደዚያው መሆኑን አስታወሰ። አንድ ማስጠንቀቂያም አከለ። ከበጀት የሚመጣ ገንዘብ በየዓመቱ ከመንገዱም፣ ከትምህርቱም፣ ከመከላከያውም ጋር ይሻማል። የገንዘብ ሚኒስትሩ ፊቱን ያዞረ ዕለት የጤናው ድርሻ ይቀንሳል።

ምላሽ 2ን የጻፈችው የሂሳብ ባለሙያ ናት። እሷም በአክብሮት ነው የጀመረችው፤ ጥያቄዋ ግን ከበድ ይላል። ጠቅላላ ግብር የምትሉት ከማን የሚሰበሰብ ነው አለች። ግብር ሰብሳቢው የማይደርስበት ሰው በሚበዛበት አገር ጠቅላላ ግብር ማለት በተግባር ጥቂት ድርጅቶች፣ ደመወዝተኞችና የጉምሩክ ቀረጥ ማለት ነው። ደመወዝ ላይ የተመሠረተው መንገድ ለምን እንደተወደደ በጥሩ ሁኔታ አስረዳች። ጀርመን በ1883 በመራሔ መንግሥት ቢስማርክ ዘመን የሠራተኞች የሕመም መድን ስታውጅ ሠራተኛው ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን፣ አሠሪው አንድ ሦስተኛውን ይከፍል ነበር። ዛሬ መሠረታዊው ተመን ከደመወዝ 14.6 በመቶ ሲሆን ሁለቱ እኩል ይካፈሉታል። የዚህ መንገድ ጥንካሬው ገንዘቡ ሠራተኛው እጅ ሳይገባ መቆረጡ ነው። ማንንም ቤቱ ድረስ ሄዶ ክፈል ማለት አያስፈልግም።

ምላሽ 3 ይህን ሲያነብ በጣም ተነቃቃ። ታዲያ ምን ያከራክረናል፣ ከደመወዝ እንጀምርና ቀስ በቀስ እናስፋው አለ። ማስረጃው ደቡብ ኮሪያ ነበረች። በ1977 ከ500 ሰው በላይ ከቀጠሩ ድርጅቶች ጀመረች፤ በ1989 መላው ሕዝብ ተሸፈነ። አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ!

ምላሽ 4 ግን ወዲያው አረመው። ኮሪያ በእነዚያ ዓመታት በየጊዜው አዳዲስ ፋብሪካ እየከፈተች ገበሬውን ወደ ደመወዝተኛነት ትቀይር ነበር። ለገበሬውና በግሉ ለሚሠራውም መንግሥት የመዋጮውን ጉልህ ክፍል ደጉሟል። ታካሚው ከኪሱ የሚጨምረውም ቀላል አልነበረም። ጃፓን የጤና መድን ሕጓን ያወጣችው በ1922 ነው፤ ሁሉንም የሸፈነችው ግን በ1961 ነው። ሠራተኛው በአብዛኛው ደመወዝተኛ ባልሆነበት አገር ከደመወዝ እንጀምር ማለት የተሻለ ኑሮ ያለውን ሰው ቀድሞ መሸፈን ነው። ቀድሞ የተሸፈነው ደግሞ ቋቱን ከድሃው ጋር ልቀላቅል ስትለው እምቢ ይላል። የራሱን ሆስፒታል፣ የራሱን ጥቅማጥቅም ለምዷላ። ይህ ነጥብ በብዙ አገሮች የታየ ነው፤ ላቲን አሜሪካ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት።

ምላሽ 5ን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ንግግር አላበዛም፤ ቁጥር ብቻ ዘረዘረ። መቶ ሰዎች አንድ ቋት አላቸው እንበል አለ። 20ዎቹ ሥር የሰደደ ሕመም አለባቸው፤ የእያንዳንዳቸው ሕክምና በዓመት 400 ይፈጃል። 80ዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ወጪ 25 ብቻ ነው። ድምሩ 10,000 ይመጣል። ሁሉም ከገባ መዋጮው በነፍስ ወከፍ 100 ይሆናል ማለት ነው። 25 የሚፈጀው ጤነኛ 100 መክፈሉ ይከነክነዋል። ግዴታ ስለሌለበት ይወጣል። ከጤነኞቹ ግማሹ ቢወጡ 60 ሰው ይቀራል፤ ወጪው ግን ከ10,000 ወደ 9,000 ብቻ ነው የሚወርደው። መዋጮው 150 ይገባል። ያኔ የቀሩት ጤነኞችም ጥለው ይሄዳሉ። በመጨረሻ 20 ሕሙማን ለየራሳቸው 400 ክፈሉ ይባላሉ። መድኑ አለ የሚባለው በስም ብቻ ነው፤ ሁሉም የራሱን ሕክምና ራሱ እየከፈለ ነው።

እኔ በረጅሙ ልናገር የፈለግኩትን ይህ ሰው በአጭሩ ጨረሰው። በፈቃደኝነት የሚሰበሰብ መዋጮ የሚወድቀው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። እያንዳንዱ ለራሱ የሚበጀውን ሲያደርግ ቋቱ ይፈርሳል።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። ምላሽ 6 በንዴት የተጻፈ ነበር። እኔ አላጨስም፣ አልጠጣም፣ ስፖርት እሠራለሁ አለ። ታዲያ ራሱን ለማይጠብቅ ሰው ለምን እከፍላለሁ? በምላሽ 5 ላይ ካሉት 80 ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ መውጣቴም መብቴ ነው ሲል ደመደመ።

ምላሽ 7 መልስ ሰጠው። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ላይ ቁጣዋን ለመደበቅ አልሞከረችም። ከዚያ ስለ ወንድሟ ጻፈች። እሱም አያጨስም፣ አይጠጣም ነበር። የደም ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደከሙ። በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ታዘዘለት። ቤተሰቡ መጀመሪያ ቁጠባውን አወጣ፤ ቀጥሎ መኪናውን ሸጠ፤ ከዚያ ዘመድ ማስቸገር ጀመረ። እሷ እንደምትለው ከሁሉም የከበዳት እጥበቱን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይሁን ወይስ ሁለት ጊዜ እያሉ በገንዘብ ምክንያት መማከራቸው ነው። ጤነኛ መሆን ዛሬ ያለህበት ሁኔታ ነው፤ ለዘላለም የተሰጠህ አይደለም አለችው። ምላሽ 6 ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ብቅ አላለም።

ምላሽ 8 ክርክሩን ወደ መድኃኒት መደርደሪያው ወሰደው። የጻፈችው ፋርማሲስት ናት። እናንተ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ትላላችሁ፣ እኔ ደግሞ የመጣው የት ይደርሳል ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ አለች። ነገሩን ደረጃ በደረጃ ነገረችን። መድን ያለው ታካሚ ካርዱን ያሳያል። ሐኪሙ ያዝዛል። እሷ መድኃኒቱን ሰጥታ ቅጽ ትሞላለች፤ ታካሚው ይፈርማል። ቅጾቹ በወሩ መጨረሻ ተጠርዘው ወደ መድን ቢሮ ይላካሉ። እዚያ አንድ ሠራተኛ አንድ በአንድ ይመረምራቸዋል። ከአባልነት ቁጥሩ አንድ አሃዝ ከጎደለ ቅጹ ይመለሳል። የሐኪሙ ፊርማ ከሌለ ይመለሳል። የበሽታው ስምና የታዘዘው መድኃኒት ካልተጣጣመም ይመለሳል። የጸደቀውም ቢሆን ክፍያው ወራት ይፈጃል። በዚህ መሃል መድኃኒት አቅራቢው የድሮው ዕዳ ሳይከፈለኝ አዲስ አልሰጥም ይላል። መጀመሪያ ከመደርደሪያው የሚጠፋው የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ነው፤ ምክንያቱም የመድን አባላት በየወሩ እየመጡ የሚወስዱት እሱን ነው። ካርድ የያዘው ሰው ከውጭ ግዛ ይባላል። በዓመቱ አባልነትህን አድስ ሲሉት ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ከዚያ ወደ ምላሽ 5 ተመልሳ አንድ ነገር ጨመረች። ጤነኞቹ የሚወጡት መዋጮው ስለበዛባቸው ብቻ አይደለም። ጎረቤታቸው ካርድ ይዞ ባዶ እጁን ሲመለስ ስላዩም ነው። እኔ ይህን በዚህ የውይይት ክር ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር አድርጌ እወስደዋለሁ። ገንዘብ አሰባሰብና ገንዘብ አከፋፈል ሁለት የተለያዩ ርዕሶች አይደሉም። ክፍያው የዘገየ መድን መዋጮ መሰብሰብም፣ ታክስ አስከፍሎ ሕዝብን ማሳመንም አይችልም።

ምላሽ 9 ከውጭ የገዛው ሰው ገንዘቡ አይመለስለትም ወይ ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 10 በወረቀት ላይ ይመለሳል፣ ደረሰኝና ማመልከቻ ይዞ የሚመላለስ ጉልበት ያለው ግን ጥቂት ነው አለ። እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ስለ ደረሰኝ ትንሽ ተጨቃጨቁ፤ አልፌዋለሁ።

ምላሽ 11 ጋናን አመጣ። ጋና በ2003 ብሔራዊ የጤና መድን ሕግ ስታወጣ በዕቃና በአገልግሎት ሽያጭ ላይ 2.5 በመቶ የጤና መድን ቀረጥ ጣለች። ከደመወዝተኞች የማህበራዊ ዋስትና መዋጮም 2.5 በመቶ ነጥብ ወደ መድኑ እንዲዞር አደረገች። የአባላት መዋጮ ከጠቅላላው ገቢ ትንሹ ነው፤ አብዛኛው ከሽያጩ ቀረጥ ነው የሚመጣው። ጸሐፊው ይህ ለምላሽ 2 ጥያቄ በቂ መልስ ነው ባይ ነው። ግብር ሰብሳቢው የማይደርስበትም ሰው ዕቃ መግዛቱ አይቀርም።

ምላሽ 12 እዚህ ላይ ቆሽቱ አረረ። የሽያጭ ታክስ ማለት እኮ ድሃውም ሚሊየነሩም ለአንድ ሳሙና እኩል የሚከፍሉበት ነው አለ። ድሃው ገቢውን በሙሉ ለዕለት ፍጆታ ያውላል፤ ሀብታሙ ግማሹን ያስቀምጣል። ስለዚህ ከገቢው አንፃር የበለጠ የሚከፍለው ድሃው ነው። ለድሃው መድን የምትገዙት በድሃው ገንዘብ ነው ሲል ጻፈ።

ምላሽ 13 የመለሰለት በተመሳሳይ ቁጣ ነበር። መሠረታዊ የምግብ ዕቃዎችና መድኃኒት ከታክሱ ነፃ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ አገሮችም ያደርጉታል። ደግሞስ መታየት ያለበት ማን ከፈለ የሚለው ብቻ ነው እንዴ? ማን ምን አገኘ የሚለውስ? ድሃው ጥቂት ከፍሎ አንድ ቀዶ ሕክምና ካገኘ ትርፉ የእሱ ነው አለ። የሁለቱም ክርክር ውሃ ያነሳል። እኔ ግን ወደ ምላሽ 13 አደላለሁ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ቀዶ ሕክምናው በእውነት ድሃው ዘንድ መድረስ አለበት። ሆስፒታሉ በከተማ ብቻ ካለ የገጠሩ ሰው ታክሱን ከፍሎ የከተማውን ሰው እያሳከመ ነው።

ምላሽ 14 ሁለቱንም አልተሳደበም። ለጤና ተብሎ የተሰበሰበ ገንዘብ ወደ ጤና እንደሚሄድ ማን ነገራችሁ ብቻ ነው ያለው። ምሳሌው እዚያው ጋና ነበር። በ2017 የወጣ ሕግ ለተለያየ ዓላማ የተመደቡ ፈንዶች ከመንግሥት ገቢ የሚወስዱት ድርሻ ላይ ጣሪያ አስቀመጠ፤ የጤና መድኑም ፈንድ በዚያ ሥር ገባ። ሕዝቡ በመድኑ ስም ቀረጥ እየከፈለ ከተሰበሰበው የተወሰነው ለሌላ ወጪ ዋለ። ጣሪያ ባይኖርም ሌላ ዘዴ አለ ሲል ቀጠለ። አዲሱ ቀረጥ ሲመጣ ግምጃ ቤቱ የጤና ሚኒስቴሩን መደበኛ በጀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። በስም ሁለት ምንጭ ይኖራል፤ ድምሩ ግን ያው የድሮው ነው።

ለዚህ የሰጠሁት መልስ ምላሽ 15 ላይ አለ። ለጤና ብቻ የተባለ ታክስ ጥሩ ነው፤ ሕዝቡ ምን እንደሚከፍል ያውቃል። ሕጉ ውስጥ ግን የመደበኛው በጀት ድርሻ ከዚህ አይወርድም የሚል ወለል አብሮ መጻፍ አለበት። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር። ቃሉን የጠበቁት ጥቂት ናቸው። አስገዳጅ ሕግ ያልሆነ ወለል ይረገጣል።

ምላሽ 16 ስለ ሲጋራና አልኮል ታክስ ጻፈ። ፊሊፒንስ በ2012 በሲጋራና በአልኮል ላይ ኤክሳይዝ ታክሷን ከፍ አደረገች። ከጭማሪው የሚበልጠውን ለጤና፣ በተለይም ለድሆች የመድን መዋጮ አዋለችው። ይህን ማንም ሊቃወም አይችልም ብሎ ነበር የደመደመው።

ተሳስቷል። ምላሽ 17 አጫሽ ነኝ ብሎ መጣ። እኛ ገና ድሮ ብዙ ታክስ እንከፍላለን፤ የሁላችሁንም ሕክምና በእኛ ሳንባ ልትከፍሉ ነው ወይ አለ። ምላሽ 18 ዘለፋ ብቻ ነበር። ምላሽ 19 ነገሩን ወደ ለስላሳ መጠጥና ወደ ስኳር ወሰደው። ከእነሱ በኋላ ስለ ልጆች ጥርስ ረጅም ጭውውት ተጀመረ። ጥርስም ጤና ነው፤ ግን ከርዕሳችን በጣም ራቅን።

ምላሽ 22 መለሰን። ጸሐፊዋ በእርጋታ አንድ ነገር አሳየች። የሲጋራ ታክስ ዓላማው ሰው እንዲተው ነው። ሰው በተወ ቁጥር ገቢው ይቀንሳል። እየቀነሰ እንዲሄድ በምትፈልገው ገቢ ላይ በየዓመቱ የሚጨምር ወጪ አትጫንበት። ሲጋራ ላይ ታክስ ጣሉ፣ ገንዘቡንም ለጤና አውሉት፤ ግን የመድኑ ምሰሶ አታድርጉት። በዚህ ላይ የሚጨመር የለኝም።

አሜሪካ የሚኖር ሰው ምላሽ 23ን ጻፈ። እሱ የሚለው እያንዳንዱ ታክስ ተከራካሪ አለው ነው። የ2010ሩ የጤና ሕግ ገንዘቡን ከብዙ ቦታ ነበር የሰበሰበው። ከሕክምና መሣሪያ አምራቾች፣ ከመድን ኩባንያዎች፣ በጣም ውድ ከሆኑ የአሠሪ መድኖች፣ ከከፍተኛ ገቢ። በዲሴምበር 2019 የመሣሪያውም፣ የኩባንያዎቹም፣ የውዱ መድንም ታክስ በሕግ ተሰረዙ። የውዱ መድን ታክስማ አንድ ቀን እንኳ ሥራ ላይ ሳይውል ነው የቀረው። ከከፍተኛ ገቢ የሚሰበሰበው ግን ጸና። ቨርሞንት የምትባለው ትንሽ ግዛት ደግሞ ሁሉንም ነዋሪ በአንድ የመንግሥት መድን ልትሸፍን ተነስታ ነበር። ሂሳቡ ሲሠራ አሠሪዎች ከደመወዝ 11.5 በመቶ፣ ነዋሪዎች ደግሞ ከገቢያቸው እስከ 9.5 በመቶ ይከፍላሉ የሚል ውጤት መጣ። አገረ ገዢው ፒተር ሹምሊን በ2014 ዕቅዱን ተዉት።

ምላሽ 24 ይህን አስተካከለ። የአሜሪካው ሕግ ገንዘብ ከታክስ ብቻ አልመጣም፤ የአረጋውያኑ የመንግሥት መድን ለሆስፒታሎች የሚከፍለው ጭማሪም ተቀንሷል። ለድሆች መድን መስፋፊያ ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ከ2014 እስከ 2016 ሙሉውን ከፈለ፤ ከ2020 ጀምሮ 90 በመቶውን ነው የሚከፍለው። ያም ሆኖ ብዙ ግዛቶች ለዓመታት አንቀበልም ብለዋል። ስለ ቨርሞንትም አንድ ነገር አለ። የ11.5 በመቶው ቁጥር ሰውን ያስደነገጠው አዲስ ሆኖ ስለታየ ነው። ሕዝቡ ቀድሞም ለግል መድን ይከፍል ነበር፤ ያ ግን ታክስ ተብሎ አይጠራም። ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። ከኪስ የሚወጣው፣ ለግል መድን የሚከፈለውና በታክስ የሚሄደው አንድ ላይ ተደምሮ ካልታየ የመንግሥት መድን ሁልጊዜ ውድ ይመስላል።

ምላሽ 25 ሌላ በር ከፈተ። መጀመሪያ ብክነቱን አቁሙ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው ሪፖርት ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ከ20 እስከ 40 በመቶው እንደሚባክን ገምቷል። በሚያፈስ እንስራ ውሃ ቀድቶ ቤት መድረስ አይቻልም ሲል ጻፈ።

አንድ ሐኪም ምላሽ 26 ላይ በቁጣ መለሰ። በክሩ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ጠንካራው ቃል የእሱ ነበር። ብክነቱ እስኪቆም ጠብቁ የሚሉ ሰዎች በራሳቸው ገንዘብ መታከም የሚችሉ ናቸው አለ። ብክነቱ የሚቀነሰውም እኮ አንድ ትልቅ ገዢ ሲኖር ነው። መድኃኒት በጅምላ በጨረታ የሚገዛ፣ ለሆስፒታሉ በተመደበለት ሕዝብ ቁጥር የሚከፍል፣ ያልታዘዘ ምርመራ አልከፍልም ማለት የሚችል። ታይላንድ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ለተመላላሽ ሕክምና በታየው ሰው ብዛት ሳይሆን በተመዘገበው ነዋሪ ልክ አስቀድማ ከፈለች። ቋቱ ሳይሰፋ የመግዛት አቅሙ አይመጣም፤ የመግዛት አቅሙ ሳይመጣ ብክነቱ አይቀንስም። ቃሉ ሻካራ ነው፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ምላሽ 27 በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። መዋጮ አይሠራም ካልክ ሩዋንዳን ምን ልትላት ነው አለኝ። እዚያ ቤተሰቦች መዋጮ ይከፍላሉ፤ ሽፋኑም 90 በመቶ አካባቢ ደርሷል። ኢትዮጵያም በ2011 በ13 ወረዳዎች ሙከራ የጀመረችው ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በቤተሰብ መዋጮ ላይ የቆመ ነው ሲል ጨመረ።

ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በዝርዝር መለስኩ፤ ምላሽ 28 የእኔ ነው። ሩዋንዳ መዋጮ አላት፤ ግን ፈቃደኝነት የለም። በ2008 በወጣው ሕግ አባል መሆን ግዴታ ሆነ። በ2011 መዋጮው በቤተሰብ የኑሮ ደረጃ ተከፋፈለ፤ የመጨረሻዎቹን ድሆች ድርሻ መንግሥትና ለጋሾች ሸፈኑ። የአካባቢ ኃላፊዎችም የአባላት ቁጥር በሥራ ውላቸው ውስጥ ተጽፎባቸው ይጠየቁበት ነበር። በኢትዮጵያም መክፈል የማይችሉትን ድርሻ ክልልና ወረዳ ናቸው የሚከፍሉት። እንግዲህ እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት መዋጮ ሲሠራ ከጀርባው ግዴታና የሕዝብ ገንዘብ እንዳለ ነው። እኔ የምቃወመው መዋጮን አይደለም፤ ሁሉንም ሸክም መዋጮ ላይ መጣልን ነው።

ምላሽ 29 የሂሳብ ባለሙያዋ ነበረች፤ ተመልሳ መጣች። ጠቅላላ ግብርና የደመወዝ መዋጮ ብቻ ናቸው ምርጫዎቹ ማለታችንን ትንሽ አላላችው። ፈረንሳይን ጠቀሰች። እዚያ መድኑ ለረጅም ጊዜ በዋናነት በደመወዝ መዋጮ ይተዳደር ነበር። በ1991 ከደመወዝ ብቻ ሳይሆን ከጡረታም፣ ከኪራይም፣ ከቁጠባና ከኢንቨስትመንት ገቢም የሚቆረጥ አዲስ መዋጮ መጣ። በ1998 የሠራተኛው የጤና መዋጮ በአብዛኛው በዚህ ተተካ። ታይዋንም በ2013 ደመወዝ ባልሆነ ገቢ ላይ ተጨማሪ መዋጮ ጥላለች። ከደመወዝ ብቻ ሳይሆን ከሌላውም ገቢ መሰብሰብ ይቻላል ማለት ነው። ይህ ከእኔ አቋም ብዙም አይርቅም፤ በደስታ ተቀበልኩት።

ምላሽ 30 ላይ ምላሽ 6 ተመለሰ። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማም፤ ድምፁ ግን ረግቧል። ግዴታ ከሆነ እሺ፣ ግን ሁሉም ላይ እኩል ግዴታ ይሁን አለ። ትልልቅ ነጋዴዎች ገቢያቸውን ደብቀው በድሃ መዝገብ ተጽፈው እኔ ደመወዝተኛው የእነሱን ልሸፍን አልፈልግም። ለዚህ ማንም መልስ አላጣም፤ ቀላል መልስ ግን የለውም። ኬንያ በኦክቶበር 2024 አዲሱን የጤና መድኗን ስትጀምር ከጠቅላላ ገቢ 2.75 በመቶ ብላ ደነገገች። ከደመወዝተኛው በቀላሉ ተቆረጠ። ደመወዝ የሌለው ሰው ግን ገቢው ስንት እንደሆነ በመጠይቅ መገመት ነበረበት፤ ከባዱም ሥራ እሱ ሆነ።

ከዚያ ምላሽ 31 መካከል ላይ ስላለው ሰው ጠየቀች። ነፃ ለመባል ድሃ ያልሆነ፣ ደመወዝ ደግሞ የሌለው። ሹፌሩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ትንሽ ሱቅ ያላት ሴት። በአንድ ወር ጥሩ ያገኛሉ፣ በሚቀጥለው ባዶ ነው። ቁጥራቸው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የአባልነት ጊዜያቸው ካለፈ በኋላ ታመው ሲመጡ ምን ትሏቸዋላችሁ?

ምላሽ 32 ያልከፈሉትን ከፍለው አንድ ወር ይጠብቁ አለ፤ አለዚያ ሁሉም የሚከፍለው ሲታመም ብቻ ይሆናል። ፋርማሲስቷ ምላሽ 33 ላይ መለሰችለት። የጥበቃ ጊዜው ለታቀደ ቀዶ ሕክምና ይሁን አለች፤ ለምጥ፣ ለአደጋ፣ ለታመመ ሕፃን ግን አይሁን። ለእነዚህ የሚወጣው ወጪ ከግብሩ ቋት ይሸፈን፤ መዋጮውን በኋላ፣ ሰውየው ድኖ ሥራ ሲጀምር እንጠይቀው። እኔም በዚህ ተስማምቻለሁ። ሦስት ሰዎች አልተስማሙም፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ቀጥሏል።